ረድፍ ሰው አይደለም

በዚህ አገር ክርክርን እንደ ቁጥር የሚገድል ነገር የለም። «ለምን?» ብትሉ ሌላ «ለምን» ይመጣባችኋል፤ «ማን?» ብትሉ ትወነጀላላችሁ፤ «ስንት?» ብትሉ ግን ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ቁጥሩ «ከሲስተም የወጣ ነው» ከተባለማ የሚጠራጠር ሰው እንደ አላዋቂ ይታያል።

ሪፖርቶቻችንን አስቡ። «ይህን ያህል ሺህ አርሶ አደር ማዳበሪያ አገኘ፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ዜጋ ተመዘገበ፤ ይህን ያህል ሺህ ወጣት ሥራ ተፈጠረለት።» ጋዜጠኛው ይጽፋል፣ ተንታኙ ይጠቅሳል፣ ምክር ቤቱ ያጨበጭባል። ቁጥሩ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከዳታቤዝ የሚወጣ ቁጥር የረድፍ ብዛት ነው። ረድፍ ደግሞ ሰው አይደለም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ወይም እያወቀ የሚያልፍ አስተዳደር የማያውቀውን ሕዝብ እየመራ፣ ላልቆጠረው ሰው እየበጀተ ነው።

ማሽኑ የሚመልሰው ምንድን ነው?

ዳታቤዝ ሲባል የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሰንጠረዦች ስብስብ ነው፤ ልክ እንደ ቀበሌ መዝገብ። አግድም የሚሄደው መስመር ረድፍ ይባላል፣ ቁልቁል የሚወርደው ዓምድ። ኤስኪውኤል በሚባለው ቋንቋ «የዚህን ቀበሌ ነዋሪዎች አምጣ» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ማሽኑም ከጥያቄው ጋር የሚስማሙትን ረድፎች ይመልሳል። ስንት መለሰ? ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪ ሁሉንም ረድፍ አስመጥቶ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህ ስንት ኩንታል እንዳለ ለማወቅ መጋዘኑን ሙሉ በመኪና አስጭኖ ቢሮ ድረስ እንደ ማስመጣት ነው። ትንሽ የተማረው «ካውንት» የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀማል፤ ማሽኑ እዚያው ባለበት ቆጥሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይልካል። እዚህም ላይ የሚስት አለ። የካውንቱን ውጤት ተቀብሎ «ይህ ውጤት ስንት ረድፍ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የመጣው ቁጥር ራሱ አንድ ረድፍ ነዋ! አሥር ሚሊዮን ሰው ቢኖርም አንድ፣ ማንም ባይኖርም አንድ።

ፕሮግራመሮች ይስቁበታል። ነገር ግን ይህ ስህተት ከእኛ ቢሮዎች ሩቅ አይደለም። «ሁሉም ወረዳዎች ሪፖርታቸውን መቶ በመቶ ልከዋል» ሲባል የተቆጠረው ሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ያለው ሰው አልተቆጠረም።

ጉደርን እንውሰድ

ጉደርን ብዙው ኢትዮጵያዊ የሚያውቃት በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ነው። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የምትገኝ፣ የቶኬ ኩታዬ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ካምፓስም ያለው እዚያ ነው። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፍና ስንዴ ያበቅላል፣ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል። እንዲህ ባለች የወረዳ ከተማ ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ የማንም መሥሪያ ቤት መዝገብ አይደሉም።

ሁለት ሰንጠረዥ አለ እንበል። አንዱ 1,000 ገበሬዎችን ይዟል፣ ሌላው 2,400 የእርሻ ማሳዎችን። ከገበሬዎቹ 150ዎቹ በስማቸው የተመዘገበ ማሳ የላቸውም፤ የእኩል አራሾች፣ ከአባታቸው መሬት ላይ የሚያርሱ ወጣቶች፣ የይዞታ ደብተሩ በሟች ባላቸው ስም የቀረ ሴቶች ናቸው። ባለሙያው ሁለቱን ሰንጠረዦች «ጆይን» አድርጎ ያገናኛቸዋል፣ ይቆጥራል፤ 2,400 ረድፍ ይመጣለታል። ሪፖርቱ ላይ «2,400 አርሶ አደሮች» ተብሎ ይጻፋል።

እውነቱ ምንድን ነው? ሦስት ማሳ ያለው ሰው ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። ማሳ የሌላቸው 150ዎቹ ጭራሽ ወጥተዋል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሰው 850 ብቻ ነው። አንድ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከእውነቱ በላይም በታችም ሆነ! ማሽኑ ግን አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው ስለ ገበሬና ማሳ ጥንድ ነበር።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዶ ቦታ ነው። በዳታቤዝ ቋንቋ «ነል» ይባላል። ባለሙያው ሰዎቹን በስልክ ቁጥር ዓምድ ከቆጠራቸው ስልክ የሌለው ሰው ከቆጠራው ይወድቃል፤ ካውንት ባዶውን ዘልሎ ያልፋልና። ከዚህ የባሰም አለ። «ቀበሌው 01 የሆነውን ቁጠር» በሉ፤ ቀጥሎ «ቀበሌው 01 ያልሆነውን ቁጠር» በሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ሙሉውን መስጠት ነበረባቸው። አይሰጡም። የቀበሌው ቦታ ባዶ የሆነበት ሰው በሁለቱም ውስጥ የለም። ማሽኑ ስለ እሱ «አዎ»ም «አይደለም»ም ማለት ስለማይችል ከሁለቱም ያስቀረዋል።

ይህ ሰው ማን ነው? አድራሻው በቅጡ ያልተሞላው ተፈናቃይ ነው። ስልክ የሌላቸው አሮጊት ናቸው። ወረፋ ጠብቀው መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «አዴ፣ ስምዎት አልወጣም» የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ስማቸው መዝገቡ ውስጥ አለ፤ ጥያቄው ግን አላወጣቸውም። ይህን የሚያስረዳቸው ሰው ስለሌለ ጥፋቱን ከራሳቸው ዕድል ቆጥረው ይመለሳሉ።

ሦስተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ ይህ የእኛ የራሳችን ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው። ለማሽኑ ሦስት ናቸው። ምዕራብ ሸዋ ላይ ደግሞ አንዲት ጫልቱ በአንዱ መዝገብ በቁቤ፣ በሌላው በግእዝ ፊደል ተጽፋ ትገኛለች። «ዲስቲንክት» የሚለው ትእዛዝ ድግግሞሽን ያጠፋል ተብሎ ይታመናል፤ የሚያጠፋው ግን ፊደል በፊደል የተመሳሰለውን ብቻ ነው። አንዷን ጫልቱ ሁለት አድርጎ ይቆጥራታል። በተቃራኒው በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት የተለያዩ ጫልቱዎችን አንድ ያደርጋቸዋል።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ እንግሊዝን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 መጸው ላይ የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት 15,841 በኮቪድ የተያዙ ሰዎችን ከዕለታዊ ቁጥሩ አስቀርቶ ተገኘ። ምክንያቱ የተጠቀሙበት አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አለመያዙ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ረድፍ ተቆርጦ ቀረ። ሰዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፤ ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የሚከታተለው ክፍል ግን ዝርዝሩ በጊዜው አልደረሰውም። በረድፍ ገደብ ምክንያት በሽታ ተዛመተ ማለት ነው። ልዩነቱ እንግሊዞች ቁጥሩ ለምን እንደጎደለ በአደባባይ መናገራቸው ነው።

ሲም ካርድ አይወልድም

ወደ አገር አቀፍ ቁጥር እንምጣ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ 78.3 ሚሊዮን ደንበኞች እንዳሉት አስታወቀ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ዜናውን «78 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ስልክ አላቸው» ብሎ የሚያነበው ጋ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ አንድ የአገልግሎት ውል ነው። ሁለት ሲም በኪሱ የያዘ ነጋዴ ሁለት ረድፍ ነው። የራሷ ሲም የሌላት፣ በባሏ ስልክ የምትደውል ሴት ዜሮ ረድፍ ናት። የባንክ ሒሳብም፣ የሞባይል ገንዘብም እንዲሁ ነው። የረድፉ ብዛት የደንበኝነት ዕድገት ይነግረናል። የሰው ብዛት አይነግረንም።

ታዲያ የሰው ብዛት ስንት ነው? በመቶኛ የሚነገረው ነገር ሁሉ፣ የትምህርት ሽፋኑም የክትባቱም የሥራ አጥነቱም፣ የሚካፈለው ለዚህ ቁጥር ነው። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

ኢትዮጵያ ሕዝቧን በዘመናዊ መልክ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። በ1976ቱ ጦርነት ያለባቸው አካባቢዎች ስላልተደረሱ በቆጠራ ፋንታ ግምት ገባ። በ1999ኙ አብዛኛው አገር በግንቦት፣ አፋርና ሶማሌ ደግሞ በ2000 ኅዳር ተቆጠሩ። መጀመሪያ የወጣው ድምር 73,918,505 ነበር፤ በኋላ የወጡት ሰንጠረዦች 73,750,932 ይላሉ። ለአንድ ቆጠራ ሁለት ድምር፣ በመካከላቸው 167,573 ሰው!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይካሄዳል ተባለ። ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዛ። ተራዘመ። እንደገና ተራዘመ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ቆጠራው ግን አልመጣም።

ስለዚህ ዛሬ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት» የሚባለው ከ1999 ተነስቶ በሒሳብ የተገፋ ትንበያ ነው። ዳታቤዝ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ነገር በሌላ ስም ያውቁታል። ትልቅ ሰንጠረዥን በትክክል መቁጠር ጊዜ ስለሚወስድ ዳታቤዞች ባለፈው ናሙና ላይ የተመሠረተ ግምት በጎን ያስቀምጣሉ። ግምቱ በፍጥነት ይመጣል፣ ለብዙ ሥራም ይበቃል። ነገር ግን የማይኤስኪውኤል መመሪያ ራሱ ስለ ኢኖዲቢ ሰንጠረዦች ሲናገር ይህ ግምት ከእውነተኛው ከ40 እስከ 50 በመቶ ሊርቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሠሪዎቹ ሳያፍሩ ጽፈውታል፤ ትክክለኛውን ከፈለግህ ቁጠር ይሉሃል።

የእኛ ግምትስ ምን ያህል ይርቃል? ለ2022 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ 105 ሚሊዮን ገደማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት 123 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነቱ 18 ሚሊዮን ነው። በ1999 በአማራ ክልል የተቆጠረው ሕዝብ በሙሉ 17.2 ሚሊዮን ነበር። አንድ ትልቅ ክልል የሚያህል ሕዝብ በሁለት ወረቀቶች መካከል አለ ወይም የለም፤ እኛም ዳቦና መጽሐፍ እናካፍላለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

የአማራ ክልልን ያነሳነው በአጋጣሚ አይደለም። የ1999ኙ ውጤት ሲወጣ የክልሉ ሕዝብ ከትንበያው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ ተገኘና ጥያቄው ፓርላማ ድረስ ደረሰ። የተሳሳተው ትንበያው ነው ወይስ ቆጠራው? አንዱ ወገን «ሰው ጠፋ» አለ፣ ሌላው «ግምቱ የተጋነነ ነበር» አለ። ነገሩን ለመፍታት ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ቀጣዩ ቆጠራ ነበር። እሱ ስላልመጣ ጥርጣሬው ቁስል ሆኖ ቀረ። አለመቁጠር ሰላም አያመጣም፤ ቅሬታን ያቆያል እንጂ።

«ግን ፋይዳ አለን»

አዲሱ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ዲጂታል መታወቂያ ሁሉንም ስለሚመዘግብ ቆጠራ ለምን ያስፈልጋል? መከራከሪያው መናቅ የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ስለሚይዝ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገብ ያስቸግራል። ጫልቱ በቁቤም ትጻፍ በግእዝ፣ አሻራዋ አንድ ነው። ድግግሞሽን በማጥፋት ረገድ አገሪቱ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ኖሯት አያውቅም።

ነገር ግን ፋይዳ የሚቆጥረው የመጣውን ነው። ቆጠራ ደግሞ ያልመጣውን ፍለጋ በር ያንኳኳል። ምዕራብ ሸዋን በመሳሰሉ፣ ባለፉት ዓመታት ግጭት በነካቸው አካባቢዎች፣ መዝጋቢ ያልረገጠው የገጠር ቀበሌ ሰው አልባ ቀበሌ አይደለም። የሞተ ሰው ረድፍም በራሱ አይሰረዝም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ነው፤ ቀብር ያልቀረበት ለቀስተኛ ሁሉ የሞት ምስክር ወረቀት ያወጣል ብሎ የሚያምን የገጠር ኑሮ የማያውቅ ነው። መዝገብ ቆጠራን ይረዳዋል። ሊተካው የሚችለው ግን ሙሉነቱ በራሱ በቆጠራ ከተፈተነ በኋላ ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ቆጠራ ግጭት ይቀሰቅሳል» የሚለው ነው። አዎ፣ ቁጥር ሥልጣን ነው፤ ገንዘብም ነው። ስለዚህም ያጣላል። ነገር ግን ኬንያ አጠገባችን አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 ቆጥራ በሰሜን የስምንት ወረዳዎች ውጤት አጠራጣሪ ነው ተብሎ ተሰረዘ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ጠብ ነበረ። አሥር ዓመቱ ሲሞላ ግን በ2019 እንደገና ቆጠረች፤ 47.6 ሚሊዮን። በቁጥር የሚጣሉ ሰዎች ቢያንስ የሚጣሉበት ቁጥር አላቸው።

የሚገርመው ደግሞ መቁጠሪያ ማሽን የተወለደው ከሕዝብ ቆጠራ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የ1880 ቆጠራ ተጠናቅሮ ለማለቅ ከሰባት ዓመት በላይ ስለፈጀ፣ ኸርማን ሆለሪት የተባለ መሐንዲስ ለ1890ው በተበሳ ካርድ የሚሠራ ማሽን አቀረበ። የእሱ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ በኋላ አይቢኤም ሆነ። በ1970ዎቹ ኤስኪውኤልን የፈጠሩትም የአይቢኤም ሰዎች ናቸው። ማሽኑ የመጣው ሰውን ቤት ለቤት ቆጥሮ ለመጨረስ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ቤት ለቤት ላለመሄድ ሰበብ ሆነ።

ማን ይጎዳል?

የ1999ኙ ቆጠራ ባበቃ ማግስት ጉደር ውስጥ የተወለደ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት አልፎታል። ሕጉ መምረጥ ትችላለህ ይለዋል። የሚመርጥበት ክልል ወሰን ግን እሱ ከመወለዱ በፊት በነበረ የሕዝብ አሰፋፈር ላይ የቆመ ነው። የተማረበት ክፍል፣ የተከተበበት ጤና ጣቢያ፣ ለወረዳው የመጣው ድጎማ፣ ሁሉም የተሰላው እሱን ባላየ ሰንጠረዥ ነው። ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ቀመር የሕዝብ ብዛትን መነሻ ያደርጋልና የቁጥሩ ስህተት ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ክፍል ውስጥ በተጨናነቀ ወንበር ይታያል።

ይህ ለአንድ ብሔር ወይም ለአንድ ክልል የሚቆረቆር ጥያቄ አይደለም። ጉደር ብዙ ሰው ኖሯት አንሶ ተጽፎ ከሆነ ልጆቿ ተበድለዋል። አንሶ ኖሮ በዝቶ ተጽፎ ከሆነ ሌላ ቦታ ያሉ ልጆች ተበድለዋል። የትኛው እንደሆነ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ባለሥልጣን የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የሚያውቁትም ባለሙያዎች ዝም ብለዋል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፦ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ቁጥር ሲያወጣ አንድ ረድፍ ምን እንደሆነ አብሮ ይናገር። ሰው ነው? ቤተሰብ ነው? ሒሳብ ነው? ማሳ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ጥያቄው ራሱ ይውጣ። ማን ተካተተ፣ ማን ተዘለለ፣ ባዶ የሆኑት ስንት ናቸው፣ መረጃው የተወሰደው መቼ ነው? ግምት ከሆነ «ግምት» ተብሎ ይጻፍ። የሰዎች ስም ይውጣ ያለ የለም፤ የተጠየቀው የአቆጣጠሩ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፦ ለአራተኛው ቆጠራ ቀን ይቆረጥ። ሊደረስ በሚችለው አካባቢ ተጀምሮ ባልተደረሰው እስኪጠናቀቅ ድረስ «እዚህ አልደረስንም» ተብሎ በግልጽ ይነገር። በ1999ም አፋርና ሶማሌ ለብቻቸው ዘግይተው ተቆጥረዋል፤ ይህም የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ጋዜጠኞችም ከዚህ አናመልጥም የሚሉ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። መግለጫ የሚሰጠው ኃላፊ ቁጥሩን ሲጨርስ እጅ አውጥቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ «ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ይህ ስንት ረድፍ ነው፣ ስንትስ ሰው?»